ጧሪና ቀባሪ፦ በወሎ የአረጋውያንን ማኅበራዊ ድጋፍ ስንለካ የደረስንበት

በደሴ ዙሪያና በባቲ ቤት ለቤት እየዞራችሁ የኦስሎን ባለ 3 ጥያቄ የማኅበራዊ ድጋፍ መለኪያ ለምትጠቀሙ፣ እስካሁን መስመር የያዘውን እነሆ።

1ኛው ጥያቄ ከባድ ችግር ቢመጣ የሚተማመኑባቸውን ሰዎች ያስቆጥራል (ከ1 እስከ 4 ነጥብ)። 2ኛው ኑሯቸው ሰውን ምን ያህል እንደሚገደው፣ 3ኛው የጎረቤት እገዛ ምን ያህል በቀላሉ እንደሚገኝ ይጠይቃል (እያንዳንዳቸው ከ1 እስከ 5)። ድምሩ 3–8 ከሆነ ደካማ፣ 9–11 መካከለኛ፣ 12–14 ጠንካራ ነው።

ትልቁ ጣጣ ቃሉ ላይ ነው። 3ኛው ላይ «እርዳታ» አትበሉ። ከ1966ቱና ከ1977ቱ ረሃብ ወዲህ በወሎ እርዳታ ማለት ስንዴና ዘይት ነው። አዛውንቱ መዝጋቢ የመጣ ይመስላቸውና «ማንም የለኝ» ይላሉ፤ ነጥቡ ያለ አግባብ ይወርዳል። ሥራውን ጠርታችሁ ጠይቁ፦ «አባባ፣ ታመው ቢተኙ ውሃ የሚቀዳልዎ፣ እንጨት የሚፈልጥልዎ ጎረቤት ማግኘት ይቀላል ወይስ ይከብዳል?» ከመለሱ በኋላ «በጣም ነው ወይስ በመጠኑ?» በሉ። «እንደ ጊዜው ነው» ካሉ 3 ነው። አምስቱን አማራጭ በአንድ ትንፋሽ ካነበባችሁ የሚይዙት የመጨረሻውን ብቻ ነው።

1ኛው ላይ ቅሬ (የሰፈር የቀብር ማኅበር) ጣልቃ ይገባል። «የቅሬው ሰው ሁሉ አለልኝ» ይላሉ፣ ውሸትም አይደለም። ግን ቅሬ ቀባሪ ነው፤ ጥያቄው የሚፈልገው ጧሪውን ነው። በጣት አስቆጥሩ፣ አንድ ጣት ለአንድ ሰው፤ ስም አይጻፍም። «አላህ አለ»፣ «እግዚአብሔር አለ» ሲሉ አሜን ብላችሁ «ከሰውስ?» በሉ። ጅዳ ያለች ልጅ ሲጨንቃቸው የሚደውሉላት ከሆነች እዚህ ትቆጠራለች፤ 3ኛው ላይ ግን አትገባም፣ እሱ የጎረቤት ነውና። አንዳንዱ የመጠይቁ ቅጂ የሰዎቹን ብዛት «3–5» ብሎ ቀጥሎ «5 እና ከዚያ በላይ» ይላል፤ 5 ያሉት ሁለቱም ቦታ ስለሚወድቁ የመጨረሻውን «6 እና ከዚያ በላይ» አድርጉት።

ዕድሜ በወረቀት አይገኝም። በ2018 ዓ.ም. 60 የሞላው ሰው በ1966 ዓ.ም. የ8 ዓመት ልጅ ነበር፤ ያኔ ጥጃ ይጠብቁ እንደነበር፣ በ1977 ትዳር ይዘው እንደነበር ጠይቁ።

ምራት አጠገብ ከተቀመጠች 2ኛው ጥያቄ ይበላሻል፤ በፊቷ «ማንም አይገደውም» የሚል አማት አይገኝም። ቡናው እስኪፈላ ደጅ ወጥቶ መጨረስ ይሻላል። ባቲ ላይ ደግሞ ሰኞ አትዙሩ። ገበያ ስለሆነ ናሙናው ወደ አልጋ ቁራኛው ያጋድላል። እዚያ ኦሮምኛ ለሚቀናቸው የኦሮምኛ ቅጂ ያዙ እንጂ አማርኛውን ቆማችሁ አትተርጉሙ፤ ሁለት ጠያቂ አንድ ዓይነት አይተረጉምም።

አልፋው (ጥያቄዎቹ እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚስማሙ የሚያሳየው ቁጥር) 0.6 አካባቢ ቢወጣ አትደንግጡ፣ ጥያቄው 3 ብቻ ነው። ይልቅ ድምሩን ብቻ እንዳታስገቡ። 1ኛው ላይ 1 (ማንም የለም)፣ 2ኛው ላይ 3፣ 3ኛው ላይ 5 ያገኙ እናት ድምራቸው 9 ነውና «መካከለኛ» ይባላሉ፤ ውሃ የሚቀዳላቸው ጎረቤት አለ፣ ጭንቀታቸውን የሚያዋዩት አንድ ሰው ግን የለም። የሦስቱንም ነጥብ ለየብቻ መዝግቡ፤ 1ኛው ላይ 1 ያገኙትን ድምራቸው የቱንም ያህል ቢሆን ለጤና ኤክስቴንሽኗ አሳውቁ፣ እሳቸው ከፈቀዱ።