ጡንቻ በእንቅስቃሴ ጊዜ ግሉኮስን የሚወስድበት መንገድ

ባለፈው ማስታወሻዬ የደም ስኳርን ስለሚቀንሰው ሆርሞን፣ ስለ ኢንሱሊን፣ ያነበብሁትን አካፍዬ ነበር። ዛሬ ደግሞ ከደሴ ወደ ጦሳ ተራራ በእግር ስወጣ ሲከነክነኝ የቆየውን ጥያቄ፣ ማለትም የሚሠራ ጡንቻ ስኳርን (ግሉኮስን) ከደም የሚወስደው በምን መንገድ እንደሆነ፣ እስከገባኝ ድረስ ላስረዳ።

ግሉኮስ የጡንቻን ሕዋስ ሽፋን በራሱ ማለፍ ስለማይችል ግሉት-4 የሚባል አሳላፊ ፕሮቲን ያስፈልገዋል። በዕረፍት ጊዜ አብዛኛው ፕሮቲን በሕዋሱ ውስጥ በጥቃቅን ከረጢቶች ተከማችቶ ይቆያል፤ ከምግብ በኋላ ከቆሽት የሚመነጨው ኢንሱሊን ነው ወደ ሽፋኑ የሚያወጣው። እኔን እጅግ የማረከኝ ግን ሁለተኛው መንገድ ነው። ጡንቻ ሲኮማተር የሚለቀቀው ካልሲየም፣ የኃይል መጉደልን የሚለየው ኤኤምፒኬ የተባለ ኢንዛይምና የጡንቻው መወጠር ተባብረው ያንኑ ፕሮቲን ያለ ኢንሱሊን ትእዛዝ ያወጡታል። እንዲያውም በእንቅስቃሴ ጊዜ በደም ውስጥ ያለው ኢንሱሊን ይቀንሳል፤ የደም ሥሮች ስለሚሰፉና የአሳላፊው ፕሮቲን ቁጥር ስለሚጨምር ግን ጡንቻው የሚወስደው ግሉኮስ በብዙ እጥፍ ያድጋል። 2ኛው ዓይነት የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ጡንቻ ለኢንሱሊን በደንብ ባይታዘዝም ይህኛው በር አብዛኛውን ጊዜ ይከፈትለታል፤ በየቤታችን ታማሚ ላለን ሰዎች ይህ ትልቅ ተስፋ ነው።

ከቁርስ በኋላ በዝግታ ስራመድ የደም ስኳር መለኪያው የሚያሳየው ቁጥር ዝቅ ሲል፣ ዳገቱን በፍጥነት ስወጣ ግን ከፍ ማለቱ አስገርሞኝ ነበር። ምክንያቱ ጉበት ነው። በመላው ደማችን በአንድ ጊዜ የሚገኘው ግሉኮስ 5 ግራም ገደማ ብቻ በመሆኑ ጉበት ከክምችቱ እየለቀቀ ይተካዋል፤ ብርቱ ጥረት ሲሆን ደግሞ አድሬናሊን የተባለው ሆርሞን ስለሚገፋው ጡንቻው ከሚወስደው በላይ ይለቃል። ጥቂት ዐርፌ ስለካ ቁጥሩ ይመለሳል።

ከእንቅስቃሴው በኋላ ጡንቻው ያለቀበትን ግላይኮጅን፣ ማለትም ያከማቸውን ስኳር፣ ሲተካ ለኢንሱሊን ያለው ታዛዥነት ከ24 እስከ 48 ሰዓት ድረስ ከፍ ብሎ ስለሚቆይ፣ ሁለት ቀን በተከታታይ ሳልራመድ እንዳላሳልፍ እጠነቀቃለሁ። ኢንሱሊን ለሚወስድ ሰው ግን ሁለቱ መንገዶች አብረው ስለሚሠሩ ስኳሩ ከሰዓታት በኋላም ሊወርድ ይችላል። አብረውኝ የሚወጡት አክስቴ ስለ መድኃኒቱ መጠን ከሐኪማቸው ጋር ተመካክረው፣ ከረሜላ ሳይዙ ከቤት አይወጡም፤ በተራመዱበት ቀንም ከመተኛታቸው በፊት ይለካሉ።