ብር ሲንሳፈፍ ፓርላማው የት ነበር?

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር ለገበያ የተለቀቀበት፣ ማለትም የምንዛሪ ዋጋው በገበያ እንዲወሰን የተደረገበት ውሳኔ ሲነሳ ክርክሩ ሁሌ «ልክ ነው፣ ልክ አይደለም» ነው። እሱን ኢኮኖሚስቶቹ ይጨቃጨቁበት። እኔን የሚከነክነኝ አወሳሰኑ ነው።

መጀመሪያ ግን የድሮው አሠራርም በመልካም አስተዳደር ዓይን ሲታይ የሚያስመሰግን አልነበረም። ዶላር ባንክ ቤት 57 ብር ገደማ፣ ጥቁር ገበያ ላይ እጥፍ ገደማ። ታዲያ በ57 የሚያገኘው ማን ነበር? ወረፋ አለ ይባላል፣ ወረፋውን ያየው ግን የለም። ሰው ያለው ኤልሲ (ዕቃ ለማስገባት ባንክ የሚሰጠው የክፍያ ዋስትና) ይከፈትለታል፣ የሌለው ይጠብቃል፣ ሸማቹ ደግሞ በባንክ ዶላር የገባውንም ዕቃ ብዙ ጊዜ የሚገዛው በጥቁር ገበያው ሒሳብ ነበር። ያ በር መዘጋቱን እደግፋለሁ። ብሔራዊ ባንክ የገንዘብ ፖሊሲ ኮሚቴ አቋቁሞ ውሳኔውን ከነምክንያቱ ማሳወቅ መጀመሩም ቀላል ነገር አይደለም።

ቀኑ በምስጢር መያዙንም አልቃወምም። ሳምንት ቀድሞ ቢወራ ዘይቱ ሁሉ መጋዘን ይቆለፍበት ነበር።

በጀቱ ላይ ስንመጣ ግን ነገሩ ይለያል። ምክር ቤቱ የ2017 በጀትን፣ 971 ቢሊዮን ብር፣ ያጸደቀው ሰኔ መጨረሻ ላይ ነው። ወር ሳይሞላ ብር ተለቀቀ፣ በሳምንታት ውስጥ ዶላር ከ100 ብር አለፈ። ኅዳር ላይ 582 ቢሊዮን ብር ተጨማሪ በጀት መጣ። የመጀመሪያው በጀት 60 በመቶ ማለት ነው! ከዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት (አይኤምኤፍ) ጋር ድርድሩ የቆየ ነው፤ የድርጅቱ የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ብድርም የጸደቀው ብር በተለቀቀበት ዕለት ነው። እና በጀቱን ያዘጋጁት ሰዎች ቁጥሩ እንደማይዘልቅ አያውቁም ነበር ቢባል ማን ያምናል? ካወቁ ደግሞ፣ እጁን አውጥቶ ያጸደቀው የምክር ቤት አባል ምኑን ነው ያጸደቀው?

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 ላይ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን አለበት ይላል። የነዳጅ ድጎማው እንዴት እንደሚነሳ፣ ግብሩ ወዴት እንደሚሄድ ጠለቅ ያለውን ዝርዝር ያገኘነው ግን አይኤምኤፍ በእንግሊዝኛ ካወጣው ሰነድ ላይ ነው። «ያገኘነው» ስል እንግሊዝኛ የሚያነብና ዳታ የሞላ ሰው ማለቴ ነው።

ከሁሉ የባሰብኝ የድጋፉ መዘግየት ነው። ቀኑ ምስጢር ይሁን እሺ፣ ግን ኑሮው እንደሚወደድ ምስጢር አልነበረምና ማካካሻው ለምን አብሮ አልተዘጋጀም? የመንግሥት ሠራተኛው ጭማሪ ወራት ቆይቶ መጣ። ከደመወዝ ግብር ነፃ የሚሆነው ገቢ 600 ብር ላይ እንደቆመ ቆይቶ፣ ብር ከተለቀቀ ዓመት ሊሞላው ሲል፣ በሐምሌ 2017፣ ወደ 2,000 ብር ከፍ አለ። ለግል ተቀጣሪው ደግሞ ጭራሽ የሚታሰብ ነገር አልነበረም። የ2011ዱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን የደመወዝ ቦርድ ይቋቋማል ብሎ ነበር፤ ብር ሲለቀቅ ግን ለግሉ ዘርፍ የተወሰነ አንዲት ሳንቲም ወለል አልነበረም። ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ የምትሰፋዋ ልጅ የዚያን ዓመት ጭማሪዋን የጠየቀችው አለቃዋን ነው፣ ያውም ከደፈረች።