አግድም ጭረት፣ ቋሚ ብርሃን

ጊምፕ በተባለው የምስል ማዘጋጃ ፕሮግራም የተቦረሸ ብረት (በአንድ አቅጣጫ ቀጫጭን ጭረት ያለበት ብረት) ገጽታ ለመሥራት ስለማመድ የደረስኩበትን፣ በተለይም ሥራዬን ወደ እውነተኛ ብረት ያቀረበልኝን ነገር ላካፍላችሁ ወደድኩ። ጭረቱን ማውጣት ቀላል ነው፤ ምስሉን ብረት የሚያስመስለው ግን ብርሃኑ በጭረቱ ላይ የሚዘረጋበት አቅጣጫ ነው።

መነሻውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። አንድ ሌየር (የምስል ንጣፍ) በመካከለኛ ግራጫ ይሞላል፣ ቀለም አልባ ኖይዝ (በዘፈቀደ የተበተኑ ደማቅና ጨለማ ነጥቦች) ይጨመርበታል፣ ከዚያም ነጥቦቹን በአንድ አቅጣጫ የሚያደበዝዘው ሞሽን ብለር በዜሮ ዲግሪ፣ ማለትም በአግድም፣ ይሰጠዋል። ብለሩ ጠርዝ ላይ የተዛባ መስመር ስለሚተው፣ 1600 ፒክስል ስፋት ለሚኖረው ምስል 2000 ፒክስል ላይ ጀምሬ ትርፉን በመጨረሻ እቆርጠዋለሁ።

ጥንቃቄ የሚፈልገው ቀጥሎ ያለው ነው። ብለሩ የተደረደሩትን ፒክስሎች አማካይ ስለሚወስድ፣ ርዝመቱ 100 ፒክስል ሲሆን በደማቁና በጨለማው ነጥብ መካከል የነበረው ልዩነት ወደ አንድ አሥረኛ ገደማ ይወርዳል፤ የሚታየውም ደብዛዛ ግራጫ ብቻ ይሆናል። ልዩነቱን የብርሃንና የጨለማ መጠን በሚያስተካክለው ሌቭልስ መልሶ መለጠጥ የግድ ነው፤ ነገር ግን ባለ 8 ቢት ምስል 256 የግራጫ ደረጃዎች ብቻ ስላሉት፣ ከእነዚህ ጥቂቶቹ ሲለጠጡ በመካከላቸው ክፍተት ይፈጠርና ጭረቱ ሻካራ ይሆናል። ስለዚህ ኖይዙን ከመጨመሬ በፊት ምስሉን እጅግ ብዙ ደረጃዎች ወዳሉት 16 ቢት እቀይረዋለሁ፤ ጊምፕ ከ2.10 ጀምሮ ይህን ይፈቅዳል።

የጭረቱ ርዝመት አንድ ወጥ ከሆነ ገጽታው ጨርቅ ይመስላል። እኔ ሁለት ሌየሮችን፣ አንዱን በ200 ሌላውን በ30 ፒክስል ብለር ሠርቼ፣ አጭሩን በዝቅተኛ ኦፓሲቲ (ከሥሩ ያለው እንዲታይ አሳስቼ) ከላይ አደርገዋለሁ።

ስለ ብርሃኑ ያስተማረኝ የሊፍት በር ነው። እያንዳንዱ ጭረት እንደ ቀጭን ቦይ ስለሆነ ብርሃኑን የሚበትነው ወደ ርዝመቱ ሳይሆን ወደ ጎንና ጎኑ ነው፤ በመሆኑም የአንዲት አምፖል ነጸብራቅ ጭረቱን አቋርጦ ረጅም ሰንበር ሆኖ ይታያል። ጭረታችን አግድም ከሆነ እንግዲህ ደማቁ ሰንበር ከላይ ወደ ታች መውረድ አለበት። ይህን የማገኘው ጨለማና ብርሃን የሚፈራረቁበት ግራዲየንት (ቀስ በቀስ የሚለዋወጥ ቀለም) ከግራ ወደ ቀኝ ስቤ፣ የጭረቱን ሌየር ከላዩ፣ ከሥሩ ካለው ብርሃን ጋር በሚያዋህደው ኦቨርሌይ ሞድ በማስቀመጥ ነው። የሰንበሮቹን ስፋት እኩል አላደርግም፤ አንዱ ሰፊና ለስላሳ፣ ሌላው ጠባብ ሲሆን ክፍሉ ውስጥ መስኮትም መብራትም ያለ ያስመስላል።

አሁን የያዝኩት የሬዲዮ ድምፅ ማዞሪያ ቁልፍ ነው። እዚህ ብለሩ ክብ ነው፤ ጭረቱ መሐሉን ስለሚዞር ብርሃኑ ከመሐል ወደ ውጭ እየሰፉ የሚሄዱ፣ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚዘረጉ ሁለት ሾጣጣ ክንፎች ይሠራል፤ ለዚህም በመሐሉ ዙሪያ የሚዞረው ኮኒካል ግራዲየንት ይስማማል። የቀረኝ የክንፎቹን አቅጣጫ ቁልፉ ከተቀመጠበት ሰሌዳ ብርሃን ጋር ማስማማት ነው።