«ሃይ» ብዬ የወረድኩበት ታክሲ

ቶኪዮ ውስጥ አካሳካ የሚባል ሰፈር አለ። አሳኩሳ የሚባልም አለ። አካሳካ የከተማዋ እምብርት ላይ፣ መሥሪያ ቤቶችና ምግብ ቤቶች በታጨቁበት አካባቢ ነው። አሳኩሳ ደግሞ በሰሜን ምሥራቅ በኩል፣ ሱሚዳ ወንዝ ዳር ያለ የጥንት ሰፈር ነው። ይህን ልዩነት ዛሬ ከእንቅልፌ ቢቀሰቅሱኝ እናገረዋለሁ። የተማርኩት ግን አምስት ሎት፣ ማለትም አምስት ዓይነት ለየብቻ የተመደበ፣ የተቆላ ቡና ከእጄ ከወጣ በኋላ ነው።

ቡና ላኪ ድርጅት ውስጥ ቀማሽ ነኝ። በ2016 ዓ.ም. የመስቀል ሰሞን ከሥራ አስኪያጃችን ጋር፣ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው፣ ቶኪዮ ቢግ ሳይት የቡና ኤግዚቢሽን ላይ ነበርን። ኤግዚቢሽኑ ባለቀ ማግስት፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ አሳኩሳ ያለ ቡና ቆልቶ የሚሸጥ ድርጅት ዘንድ የቅምሻ ቀጠሮ ያዝን። ለዚያ ቀጠሮ አንድ ዓመት ሙሉ ደብዳቤ ተጻጽፈናል።

ለቅምሻ የሚቀርብ ቡና ከተቆላ በኋላ ቢያንስ 8 ሰዓት ማረፍ አለበት። ከ24 ሰዓት በላይ ከቆየ ደግሞ ለቅምሻ አይሆንም። ስለዚህ ናሙናውን በዋዜማው ማምሻውን፣ በአንድ የምናውቀው ሰው ትንሽ መቁያ ማሽን ቆልተን አሳደርነው፤ ሦስት የታጠበ ይርጋጨፌና ሁለት ናቹራል፣ ሳይታጠብ ከነገለባው የደረቀ፣ ጉጂ። እያንዳንዱን ከረጢት ሎቱን ጽፌበት አንድ ጥቁር የጨርቅ ቦርሳ ውስጥ ደረደርኩት። ጋሼ ቦርሳውን አንስተው መዘኑትና «ልጄ፣ ይቺን ነገር እንደ ታቦት ያዣት» አሉኝ። እሳቸው እ.ኤ.አ. በ2008 ጃፓኖች በቡናችን ላይ የፀረ ተባይ ቅሪት አግኝተው ገበያው ድንገት የቀዘቀዘበትን ጊዜ በሥራ ላይ ሆነው አሳልፈውታል። ጃፓን ውስጥ አንድ ጊዜ የጎደለ እምነት ስንት ዓመት እንደሚያስለፋ ያውቃሉ።

ቋንቋው የእኔ ድርሻ ነበር። ከአዲስ አበባ በሴኡል በኩል ናሪታ እስክንደርስ ለታክሲ የሚሆኑ ዓረፍተ ነገሮች ስሸመድድ ነው የመጣሁት። ጃፓንኛ በእኛ ፊደል ለመጻፍ ይመቻል። ድምፁ እንደ ግዕዝ ፊደል ቁርጥ ቁርጥ ያለ ነው፤ በላቲን ከመጻፍ ሺህ ጊዜ ይሻላል። የሚፈለገውም ብዙ አይደለም። የቦታውን ስም አስቀድሞ «ማዴ ኦኔጋይ ሺማስ» ማለት ነው፤ «እስከዚያ ድረስ እባክዎ» እንደማለት። አድራሻው በጽሑፍ ካለ ወረቀቱን እያሳዩ «ኮኖ ጁሾ ማዴ ኦኔጋይ ሺማስ»፣ ወደዚህ አድራሻ። «ማሱጉ» ቀጥታ፣ «ሚጊ» ቀኝ፣ «ሂዳሪ» ግራ። «ኮኮ ዴ ቶሜቴ ኩዳሳይ» የእኛ «ወራጅ አለ» ነው። ከፍለው ሲጨርሱ ደግሞ «ርዮሹሾ ኩዳሳይ»፣ ደረሰኝ ይስጡኝ። ይህችኛዋን ከሁሉ በላይ አጥንቻታለሁ፣ ምክንያቱም የእኛ ሒሳብ ክፍል ያለ ደረሰኝ የአንድ ብርጭቆ ውኃ እንኳ አይመልስም።

ሁሉም እኔ የምናገረው ነበር። ሾፌሩ ምን ሊለኝ እንደሚችል አንድ መስመር አልጻፍኩም።

ሆቴላችን ሺምባሺ ነበር። ሦስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ወጥተን ቆምን። የቶኪዮ ታክሲ የፊት መስታወቱ ላይ በቀይ የሚበራ ጽሑፍ አለው፤ «ኩሻ» ይላል፣ ባዶ ነው ማለት ነው። ለእኛ ቀይ «ተይዟል» ይመስላል፣ እዚያ ግን በቀይ «ኩሻ» የሚል መኪና ነው የሚቆምልህ። አንዱ ቆመልን። የኋላው የግራ በር በራሱ ተከፈተ፤ ሾፌሩ ነው ከመቀመጫው ሆኖ የሚከፍተውም የሚዘጋውም፣ ተሳፋሪ አይነካውም። ሰውዬው በዕድሜ የገፉ፣ ነጭ ጓንት ያደረጉ፣ ጎንበስ ብለው ሰላምታ የሰጡን ሰው ነበሩ። ቦርሳውን እግሬ ሥር አስቀመጥኩና ያጠናሁትን አወጣሁት።

«አካሳካ ማዴ ኦኔጋይ ሺማስ!»

አካሳካ ከሁለት ቀን በፊት እራት የተጋበዝንበት ሰፈር ነው። ደብተሬ ላይ ሁለቱ ስሞች አንዱ ካንዱ ሥር ተጽፈዋል። ዓይኔ የትኛው ላይ እንዳረፈ፣ ምላሴ የትኛውን እንዳነሳ አላወቅኩም። አድራሻው ስልኬ ላይ በጃፓንኛ ተጽፎ ተቀምጧል፤ ማሳየት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። እኔ ግን መናገር ፈለግኩ።

ሰውዬው ወዲያው አልነዱም። በመስታወቱ እያዩኝ፣ ቀስ ብለው፣ «አካሳካ ዴስ ኔ?» አሉ።

«ሃይ!» አልኩ።

«አካሳካ ኤኪ ዴስ ካ?»

«ኤኪ» የባቡር ጣቢያ መሆኑን አውቃለሁ። ገዢያችንም ጣቢያው በር ላይ ሰው እንደሚልክልን ጽፎልናል። ስለዚህ «ኤኪ» የምትለዋን ሰማሁና ደስ ብሎኝ «ሃይ! ሃይ!» አልኩ። ከፊቷ ያለችውን ቃል አልሰማኋትም።

እኚያ ሰው ሁለት ጊዜ ጠይቀውኛል። «ዴስ ኔ» ማለት «ነው አይደል?» ማለት ነው። ጃፓኖች ሥራ ላይ የተባሉትን መልሰው ጮክ ብለው መናገር ልማዳቸው ነው፤ አስተናጋጁ ያዘዝከውን ይደግምልሃል፣ ባቡር ነጂው የምልክቱን መብራት በጣቱ እያመለከተ መብራቱ የሚለውን ይናገራል። ስህተቱ ገና አፍ ላይ ሳለ የሚያዝበት ቦታ ያ ነው። እኔ ደግሞ ያንን በር ራሴ ዘጋሁት። «ሃይ» እንደ እኛ «እሺ» ናት። «እሺ» ተስማምቻለሁም ይሆናል፣ ሰምቻለሁም ይሆናል፣ አንዳንዴም ምንም ሳይሰሙ ሰውን ላለማስቀየም የሚባል ይሆናል። እኔ ያልኩት ሦስተኛውን ነው።

ቶሎ ደረስን። ቶሎ መድረሳችን ራሱ ሊነግረኝ ይገባ ነበር፤ ገዢያችን ከሆቴላችን ግማሽ ሰዓት ያህል እንደሚወስድ ጽፎልን ነበርና። ቆጣሪው የቆመው 1,100 የን አካባቢ ነው። መነሻው በዚያን ጊዜ ለመጀመሪያው 1.096 ኪሎ ሜትር 500 የን ነበር፣ ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል እንኳ የሄድን አይመስለኝም። ከፈልኩ፣ «ርዮሹሾ ኩዳሳይ» አልኩ፣ ደረሰኟ ወጣች። ጋሼ ቀድመው ወርደዋል። ሾፌሩ ወደ ኋላ ዞር ብለው አንድ ረዘም ያለ ነገር ተናገሩ፦ «ኦዋሱሬሞኖ ኖ ናይ ዮ ኒ…»። እኔ የስንብት ቃል መሰለኝ። «ሃይ፣ አሪጋቶ ጎዛይማስ» ብዬ ወረድኩ። በሩ ቀስ ብሎ ተዘጋ።

«ኦዋሱሬሞኖ» የተረሳ ዕቃ ነው። «የረሱት ነገር እንዳይኖር» ነበር ያሉኝ።

ጣቢያው በር ላይ ሃያ ደቂቃ ቆምን። ጋሼ ሰዓታቸውን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩ። ስልኬ ጮኸ። የገዢው ሠራተኛ ነበር፣ ረጋ ባለ እንግሊዝኛ «እኔ ጣቢያው በር ላይ ነኝ፤ ትልቁ ቀይ ፋኖስ ያለበት በር ይታያችኋል?» አለኝ። ዞሬ ዞሬ አየሁ። ቀይ ፋኖስ የሚባል የለም። ያ ፋኖስ አሳኩሳ ያለው የካሚናሪሞን በር ላይ የተሰቀለው ነው፤ ሰው ሁሉ ከሥሩ ፎቶ የሚነሳበት። የቆምኩበትን ስም ከጣቢያው ሰሌዳ ላይ አነበብኩለት። ለአፍታ ዝም አለ።

ስልኩን እንደያዝኩ ጋሼ ጠየቁኝ፦ «ናሙናውስ?»

እጄን አየሁ። ጉልበቴ የከዳኝ ያን ጊዜ ነው። የቦታውን ስህተት በሌላ ታክሲ ማረም ይቻላል። ቡናው ግን ትናንት ማታ የተቆላ ነው። ሌላ ልቁላ ብል ጥሬው አዲስ አበባ ነው፤ ጥሬው ቢኖርም ቢያንስ 8 ሰዓት ማረፊያ ይፈልጋል። እኛ ደግሞ በዚያው ምሽት ተሳፋሪዎች ነን። ጋሼ አንድም ቃል አልጨመሩም። ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር።

ያተረፈችን ለሒሳብ ክፍል ብዬ የተቀበልኳት ደረሰኝ ናት። የጃፓን ታክሲ ደረሰኝ ላይ የድርጅቱ ስልክና የመኪናው ቁጥር ይታተማል። ፎቶ አንስቼ ለዚያ ሠራተኛ ላክሁለት፤ እሱ ለታክሲ ድርጅቱ ደወለ፣ ድርጅቱ ሾፌሩን በሬዲዮ አገኛቸው። ያቺ ወረቀት ባትኖር ኖሮ «ጥቁር ታክሲ፣ ነጭ ጓንት ያደረጉ ሰው» ብዬ ቶኪዮ ውስጥ ማንን ልፈልግ?

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ መኪናው ያወረደን ቦታ ላይ መጥቶ ቆመ። ቦርሳው ከፊት ወንበር ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል፣ የደህንነት ቀበቶ ታስሮለታል። ይህን እስከ ዛሬ አልረሳሁም። ውስጡ ምን እንዳለ የማያውቁት ዕቃ ነው። ሽታው ግን ነግሯቸው መሆን አለበት፤ መኪናው በሙሉ ጉጂ ጉጂ ይላል። «ኮሂ?» አሉ በጣታቸው እያመለከቱ። «ኮሂ። ኤቺዮፒያ» አልኳቸው። ራሳቸውን በረጅሙ ነቀነቁ።

አሁን መናገሩን ተውኩና ስልኬን አውጥቼ አሳየኋቸው፤ «ኮኖ ጁሾ ማዴ ኦኔጋይ ሺማስ»። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። «አሳኩሳ ዴስ ኔ?» ሲሉ ጆሮዬን ሰጥቼ ሰማኋቸው። የመሀሏ «ኩ» በጃፓኖች አፍ ልትጠፋ ምንም አይቀራትም፤ «አሳክሳ» ነው የሚመስለው። እኔም መልሼ «ሃይ፣ አሳኩሳ። አሳኩሳ ኤኪ» አልኳቸው። ያን ጊዜ ነው የነዱት።

ከተማዋን አቋርጠን ወንዙ ዳር ስንደርስ 4,000 የን አልሞላም። አምስት ሺህ ሰጥቼ መልሱን ይያዙት ብዬ በእጄ ምልክት አሳየሁ። አልተቀበሉም፤ እዚያ ጉርሻ የሚባል ነገር የለም። ሳንቲሞቹን አንድ በአንድ ቆጥረው ትንሿ ሳህን ላይ አደረጉልኝ። ከዚያም ዞር ብለው «ኦዋሱሬሞኖ…» ሲሉ ጎንበስ ብዬ ከወንበሩ ሥር አየሁ። ፈገግ አሉ።

ቅምሻው ላይ አንድ ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ዘግይተን ደረስን። ጽዋዎቹ ተደርድረዋል፣ ውኃው ሦስት ጊዜ ፈልቶ ቀዝቅዟል። ጋሼ እጅ ነስተው ይቅርታ ጠየቁ፣ ጥፋቱንም የራሳቸው አደረጉት፤ «የእኛ ስህተት ነው» ብቻ አሉ፣ ስሜን አላነሱም። የገዢው ቀማሽ ቡናውን ፈጭቶ ውኃ ሲያፈስበት፣ አራት ደቂቃው ሞልቶ አረፋውን በማንኪያ ሰብሮ ሲያሸተው፣ እኔ ትንፋሼን ይዤ ነበር። ሁለተኛው ናቹራል ጉጂ ላይ ሁለት ጊዜ ተመለሰ። በኋላ ያዘዙት እሱን ነው።

አዲስ አበባ ከተመለስኩ ወዲህ ሥራዬ ላይ አንድ ነገር ቀየርኩ። መጋዘን ስልክ ደውዬ ሎት ቁጥር ስናገር «እሺ» ከተባልኩ ስልኩን አልዘጋም። «እስቲ መልሰህ ንገረኝ» እላለሁ። መጀመሪያ ላይ የተቀየሙኝ ነበሩ፤ ያላመንኳቸው መስሏቸው። አንድ ቀን «ስልሳ ሁለት» ያልኩት «ሰባ ሁለት» ሆኖ ሲመለስልኝ፣ ከረጢቱ ገና ሳይጫን ተያዘ። ከዚያ ወዲህ የመጋዘኑ ልጅ ሳልጠይቀው ይደግምልኛል።

በቀጣዩ ዓመት ወደ ቶኪዮ የተላከችው ከእኔ በኋላ የተቀጠረች ቀማሽ ናት። ደብተሬን ሰጠኋት፤ ግን የመጀመሪያውን ገጽ ቀድጄ እንደገና ጻፍኩት። አሁን ከላይ ያለው ሾፌሩ የሚላት ነው፦ «ዴስ ኔ?»፣ ስሙን መልሰሽ አንቺም በይው፤ «ኦዋሱሬሞኖ»፣ እግርሽ ሥር እዪ። የእኛ ንግግር ከዚያ ሥር ይከተላል። አድራሻዎቹን ሁሉ በጃፓንኛ ጽሕፈት አሳትሜ ለጠፍኩላት፣ አካሳካና አሳኩሳንም በተለያየ ገጽ።

በደረሰች በሁለተኛው ቀን ሌሊት ስልኬ ላይ ፎቶ ገባ። የታክሲ የፊት መስታወት ነው፣ በላዩ ሁለት የጃፓን ፊደላት ያበራሉ። «እትዬ፣ ኩሻ አይደለም መሰለኝ፤ እጄን ባነሳ ባነሳ አይቆምልኝም። ምን ይላል?» ብላለች።

አውቄዋለሁ። ተሳፋሪ በስልክ ጠርቶት ወደ እሱ እየሄደ ያለ ታክሲ የሚያበራው ነው፤ ሲነበብ «ጌይሻ» ነው የሚባለው። ጃፓኖች የእኛን የጌሻ ቡናም እንዲሁ «ጌይሻ» ብለው ነው የሚጠሩት።

«ጌይሻ ይላል፤ ሌላ ሰው የጠራው ነው» ብዬ መለስኩላት። «ቀጥሎ የሚመጣውን ጠብቂ። ቦርሳው እጅሽ ላይ ነው?»

«እጄ ላይ ነው» አለችኝ። «ቦርሳው እጄ ላይ ነው።»