መኪናው ይቅር ወይስ ይምጣ? የአንደኛ ዓመት ተማሪና የግቢ ፓርኪንግ

በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ዶርም የሚያድር የአንደኛ ዓመት ተማሪ የፓርኪንግ ፈቃድ አይሰጠውም። በአሜሪካ ስታንፎርድን የመሰሉ ትልልቅ ግቢዎች ይህን ደንብ ይዘው ኖረዋል። እዚያው አሜሪካ ያለው የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ገና በ1927 (እ.ኤ.አ.) የተማሪን መኪና በጠቅላላ ከልክሎ ነበር። ደንቡ አዲስ ገቢውን ለማዋረድ የወጣ የሚመስላቸው አሉ፤ ነገሩ ግን የቦታ ጉዳይ ነው።

አንድ መኪና ለመቆም ብቻ በግምት 2.5 በ5 ሜትር ቦታ ይይዛል። መግቢያና መውጫ መንገዱ ሲጨመርበት ከ25 እስከ 30 ካሬ ሜትር ይደርሳል። 1,000 ተማሪ መኪና ይዞ ቢመጣ የሚፈለገው ቦታ ወደ 4 የእግር ኳስ ሜዳ ይጠጋል። ከስፋቱ ይልቅ ግን ወሳኙ አጠቃቀሙ ነው። ከቤቱ እየተመላለሰ የሚማር ሰው ያቆመበት ቦታ፣ ክፍሉን ጨርሶ ሲወጣ ለሌላው ይለቀቃል። የዶርም ተማሪ መኪና ግን እሁድ ማታ ከቆመች እስከ ዓርብ ላትነሳ ትችላለች። ተማሪው የሚተኛውም፣ የሚበላውም፣ የሚማረውም እዚያው በእግሩ በሚደርስበት ስለሆነ መኪናዋ ዕቃ ቤት እንደገባች ናት። እንዲህ ሲታሰብ ደንቡ ልክ ነው እላለሁ፤ አውቶቡስ በሌለበት ግቢ ግን ያለ ምንም አማራጭ መከልከል ተማሪውን አስሮ ማስቀመጥ ነው።

ደንቡ ሲነበብ መጀመሪያ መጣራት ያለበት «አንደኛ ዓመት» የተባለው ማን እንደሆነ ነው። ሬጅስትራር ተማሪን የሚቆጥረው ባጠናቀቀው ክሬዲት ሰዓት ሊሆን ይችላል፤ የፓርኪንግ ቢሮው ደግሞ በገባበት ዓመት። ከሁለተኛ ደረጃ ክሬዲት ይዞ የመጣ ልጅ በወረቀት ሁለተኛ ዓመት ተብሎ፣ ፈቃድ ሲጠይቅ ግን አንደኛ ዓመት ነህ ሊባል ይችላል። በዓመቱ አጋማሽ የገባና ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የተዛወረ ተማሪም እዚሁ ላይ ይቸገራል። መልሱን በኢሜይል ጠይቆ በጽሑፍ መያዝ ይሻላል፤ መስኮት ላይ የተነገረ ቃል ቅጣት ሲመጣ ማስረጃ አይሆንም።

ሁለተኛው፣ የተከለከለው ምን እንደሆነ ነው። አንዳንዱ ደንብ መኪናውን ወደ ከተማው ማምጣትን ጭምር ይከለክላል፤ አንዳንዱ ፈቃድ አይሰጥም እንጂ ከግቢ ውጭ ለሚቆመው አይጠይቅም። ማታና ቅዳሜና እሁድ ለሁሉም ክፍት የሚሆኑ ቦታዎች ያሉበት ግቢም አለ። ሞተር ሳይክል ብዙ ጊዜ የራሱ ደንብ ስላለው ከመኪናው ጋር ደምሮ ማየት ያሳስታል።

ልዩ ፈቃድ የሚጠየቅባቸው ምክንያቶች ብዙ አይደሉም፤ ሕመም ወይም አካል ጉዳት፣ ከግቢ ርቆ የሚሠራ ሥራ፣ በቅርብ የሚጦር ቤተሰብ። ውድቅ የሚሆነው ማመልከቻ በአብዛኛው ምክንያት ያጣው ሳይሆን ወረቀቱ የላላው ነው። «ተማሪዋ ሕክምና ትከታተላለች» የሚል የሐኪም ደብዳቤ አይበቃም። በሳምንት ስንት ቀን፣ በስንት ሰዓት፣ የት እንደምትሄድና አውቶቡስ ለምን እንደማይሆናት መጻፍ አለበት። የአሠሪ ደብዳቤም የሥራውን አድራሻና ፈረቃውን ይያዝ። ሥራው የሚያልቀው ሌሊት 6 ሰዓት፣ የመጨረሻው አውቶቡስ የሚያልፈው 5 ሰዓት ከሆነ፣ ይህ አንድ መስመር ከሦስት ገጽ ልመና ይበልጣል። ከዚህ ጋር የመንጃ ፈቃድ፣ የሊብሬና የኢንሹራንስ ኮፒ ይያያዛል። ሊብሬው በወላጅ ስም ከሆነ የውክልና ወረቀት ይጠየቅ እንደሆነ ቀድሞ ማጣራት ነው። ማመልከቻው ትምህርት ከመጀመሩ ሳምንታት በፊት ይግባ፤ ቦታው ካለቀ በኋላ ጥሩ ምክንያት እንኳ ተራ ይጠብቃል።

ከሁሉ የከፋው ስህተት በሲኒየር ተማሪ ስም ፈቃድ ማውጣት ነው። ዛሬ ብዙ ግቢ ስቲከር አያይም፤ ካሜራ ታርጋውን አንብቦ ከተመዘገበው ስም ጋር ያገናኛል። ሲደረስበት ፈቃዱ ይሰረዛል፣ ሁለቱም ይቀጣሉ፣ ጉዳዩ ለዲሲፕሊን ሊተላለፍም ይችላል። የእንግዳ ፈቃድ በየሳምንቱ ማሳደስም አያዋጣም፤ ለአንድ ታርጋ የሚሰጠው ቀን ብዙ ጊዜ የተወሰነ ነው። ከአጥሩ ውጭ ባለው ሰፈር ማቆም ደግሞ ነዋሪውን ያስመርራል፤ ለነዋሪ ብቻ የተባለ መንገድ ከሆነም መኪናው በጎታች ይነሳል። የተነሳ መኪና የማንሻው ብቻ ሳይሆን የማቆያው ሒሳብ በየቀኑ ይቆጥራል፤ ስለዚህ ክርክሩ ይቆይ፣ መጀመሪያ መኪናውን ማውጣት ነው። ይግባኝ የሚባልበት ቀን አጭር ስለሆነ ቅጣቱ በተገኘበት ሰዓት ምልክቱን፣ መስመሩንና የመኪናውን አቋቋም ፎቶ ማንሳት ይጠቅማል። ያልተከፈለ ቅጣት የሚቀጥለውን ሴሚስተር ምዝገባ ሊያግድ ይችላል።

መኪናው ከመጣ ለኢንሹራንሱ የሚያድርበትን ቦታ ማሳወቅ ግድ ነው። ውሉ ላይ የወላጅ ግቢ ተጽፎ መኪናው ሌላ ከተማ ሜዳ ላይ ሲያድር ቢሰረቅ፣ ካሳው ሊቀነስ ወይም ሊከለከል ይችላል።

ቤት ከቀረ ደግሞ ባትሪውን ማሰብ ነው። ሞተሩ ጠፍቶም ሰዓቱ፣ አላርሙና ኮምፒውተሩ ትንሽ ትንሽ ይስባሉ። 40 ሚሊአምፒር ቢስቡ በቀን ወደ 1 አምፒር ሰዓት ይሄዳል፤ የ60 አምፒር ሰዓት ባትሪ በወር ግማሹን ጨረሰ ማለት ነው። የቆየ ባትሪ ከዚያም በፊት ይተኛል። ሙሉ ባትሪ በቮልቲሜትር 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል፤ 12.2 ከወረደ ቻርጅ ይፈልጋል። ቤተሰብ በየሁለት ሳምንቱ ግማሽ ሰዓት ቢነዳው ጥሩ ነው፤ አስነስቶ አምስት ደቂቃ ማቆም ግን ማስነሻው የወሰደውን እንኳ በደንብ አይመልስም። የሚነዳው ከሌለ የባትሪውን ኔጋቲቭ (−) ገመድ ፈትቶ መተው ይሻላል፤ ሬዲዮው ኮድ የሚጠይቅ ከሆነ ቀድሞ መጻፍ ነው። ጎማው በበሩ ላይ እስከተጻፈው ልክ ይነፋ። የእጅ ፍሬን ለወራት ተስቦ ከቆየ የፍሬኑ ሸራ ሊጣበቅ ስለሚችል ሜዳ ቦታ ላይ ማርሽ አስገብቶ ከጎማው ስር ታኮ ማድረግ ይበቃል። ታኮውንም ከመንዳት በፊት ማንሳት እንዳይረሳ መሪው ላይ ወረቀት ይለጠፍ።