አርባ ሰከንድ የዘገየ ድምፅ

አንድ ምሽት ጨዋታ አስተላልፌ ስመለስ የልጅ ልጄ በሩን ከፈተችልኝና «አባባ፣ ዛሬም ጎሉን የነገርከኝ አንተ አይደለህም» አለችኝ። ጓደኛዋ በስልክ «ገባ!» ብላ ጽፋላታለች። እኔ በዚያች ሰዓት፣ በእሷ ስልክ ላይ፣ ገና የመስመር ተጫዋቹን በግራ በኩል እያስሮጥኩ ነበር። ኳሱ ተሻገረ፣ አጥቂው በግንባሩ ገጨ፣ እኔም ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮህኩ። እሷ ግን ያኔ ጥርሷን ልትቦርሽ ሄዳለች።

ከአርባ ዓመት በላይ የበላሁበት ቃል «አሁን» ነው። አሁን ተቀበለ፣ አሁን ዞረ፣ አሁን መታ። የተጫዋቹ ታሪክም ሆነ የአሰልጣኙ ዕቅድ የዚህች ቃል ማጀቢያ ነው። ስለዚህ የልጅቷን ወሬ እንደ ቀልድ አልሰማሁትም፤ ከሥራ እንደ መሰናበት ቆጠርኩት። ከዚያ ወዲህ ባሉት ሁለት የውድድር ዘመናት ምን እንዳደረግሁ፣ የተሳካውንም ያልተሳካውንም፣ ልጻፈው። እንደ እኔ ሸብተው ማይክራፎን ያልለቀቁ፣ ወይም በየቀኑ ከስልካቸው ጋር የሚጣሉ አይጠፉም።

መጀመሪያ ያደረግሁት መጠየቅ ነው። ሲወራ ቀላል ነው፤ እኔ ግን አንድ ወር ፈጅቶብኛል። በዚህ ዕድሜ «አልገባኝም» ካልኩ «በቃ፣ ደክሟል» ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። በመጨረሻ የድምፅ ባለሙያችንን ጠየቅኋት፤ ከመጨረሻ ልጄ ታንሳለች። ወረቀት አውጥታ ሳለችልኝ። በድሮው ሬዲዮ የእኔ ቃል በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ በአየር ላይ የሚሄድ ተራ ድምፅ ግን በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ስታዲየም ተቀምጬ ስጮህ፣ ከሜዳው ማዶ ካለው ተመልካች ይልቅ መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ ሬዲዮ የከፈተው ሰው ቀድሞ ይሰማኝ ነበር! የዛሬው የኢንተርኔት ስርጭት ምስሉን በጥቂት በጥቂት ሰከንድ እየቆራረጠ፣ እያመቀ ይልከዋል። ስልኩም የደረሰውን ወዲያው አያሳይም፤ መስመሩ ቢደክም እንዳይቋረጥ ትንሽ አጠራቅሞ ነው የሚጀምረው። ይሄ ሲደማመር ሠላሳ፣ አርባ ሰከንድ ይሆናል። የጓደኛዋ መልእክት ግን አንዲት ቃል ስለሆነች በመሀል ሾልካ ታልፋለች።

«ጋሼ፣ እርስዎ አልዘገዩም» አለችኝ፤ «እንዳይቆራረጡ ብለው ነው ያዘገዩዎት።» ይህን ስትል ምን ያህል እንዳጽናናችኝ ለራሷም አላወቀችም።

ነገር ግን እኔ ራሴም የምዘገይበት ቦታ ነበር። አሁን አሁን አብዛኛውን ጨዋታ የምናስተላልፈው ከስታዲየም ሳይሆን በሩ ከተዘጋ ክፍል፣ ስክሪን እያየን ነው። በዚህ ብዙ ተነጫንጬአለሁ፤ አሁንም አልተውኩም። ካሜራው ኳሱን ነው የሚከተለው፤ ጨዋታው ግን ብዙ ጊዜ ኳሱ በሌለበት ቦታ ነው ያለው። ስታዲየም ብሆን ታፋውን እየያዘ የሚያነክሰውን ተከላካይ አይቼ፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ በእሱ በኩል ጎል ሲገባ «ነግሬአችኋለሁ» እል ነበር። ክፍሉ ውስጥ ግን ተከላካዩ ማነከሱን የማውቀው ሲወድቅ ነው።

አጠገቤ ደግሞ ቁጥር የሚያቀብለኝ ወጣት ይቀመጣል። የእሱ ኮምፒውተር መረጃ የሚያገኘው ሜዳ ላይ ተቀምጠው እያንዳንዱን ቅብብል ከሚመዘግቡ ሰዎች ነው፤ መረጃው ከምስሉ ይቀድማል። ለረጅም ጊዜ አልገባኝም ነበር። አጥቂው ገና ኳሱን እያመቻቸ ሳለ የልጁ ቅንድብ ከፍ ይላል፣ ከንፈሩ ይከፈታል፤ እኔም ሳላስበው ድምፄ መውጣት ይጀምራል። ቤት ያለው አድማጭ «ይሄ ሰው ነቢይ ነው እንዴ?» ሳይል አልቀረም። መፍትሔው ምንም ቴክኖሎጂ አልጠየቀም፤ ወንበሩን ከኋላዬ አዞርኩት። ጎል ከሆነ ፊቱን አላየውም። ቁጥር ስፈልግ እጄን ወደ ኋላ እዘረጋለሁ፣ ወረቀት ያስጨብጠኛል።

ወደ ቫር፣ ዳኛውን በቪዲዮ ወደሚያግዘው አሠራር፣ ልምጣ። የመጀመሪያዎቹ ወራት አዋረደኝ። ጎል ብዬ፣ ስሙን ጠርቼ፣ የአባቱን ስም ጨምሬ፣ ትንፋሼ አልቆ ስቀመጥ ዳኛው ጆሮውን ይነካል። ሁለት ደቂቃ ጠብቀን «ከጨዋታ ውጭ»። ያንን ሁሉ ደስታ መልሼ የት ላስገባው? ስለዚህ መጠንቀቅ ጀመርኩ፤ «ጎል... ይመስላል... እንጠብቅ» እል ጀመር። አንድ የድሮ ባልደረባዬ ደውሎ «አዋላጅ ሆነህ ‹ወንድ ይመስላል› ትላለህ?» ብሎ ዘጋብኝ። ልክ ነው። ከዚያ ወዲህ ኳሱ መረቡን ከነካ እጮኻለሁ። ከተሰረዘም እንደተሰረዘ እናገራለሁ፤ ደስታውም ሐዘኑም የጨዋታው ነው፣ የእኔ አይደለም።

የጠቀመኝ ግን ሕጉን ቁጭ ብሎ ማንበብ ነው። ቫር እ.ኤ.አ. በ2018 የጨዋታው ሕግ ውስጥ ሲገባ ሊያያቸው የተፈቀዱለት አራት ነገሮች ብቻ ነበሩ፦ ጎል፣ ፍጹም ቅጣት ምት፣ ቀጥታ ቀይ ካርድ፣ እና ካርዱ ለተሳሳተ ተጫዋች ከተሰጠ። ይህን ሳላውቅ ስንት ጊዜ በማዕዘን ምት ላይ «ቫር የት አለ!» ብዬ በአየር ላይ ጮህኩ መሰላችሁ። በ2022 የኳታር ዓለም ዋንጫ ደግሞ ከጨዋታ ውጭን ለመለየት ጣሪያው ላይ የተሰቀሉ 12 ካሜራዎች ከእያንዳንዱ ተጫዋች አካል እስከ 29 ነጥብ በሰከንድ 50 ጊዜ ይከታተሉ ነበር፤ ኳሱ ውስጥ ያለው መሣሪያ በሰከንድ 500 ጊዜ መረጃ ይልካል። የዳኛውን መጠበቂያ ሁለት ደቂቃዎች አሁን በዚህ እሞላቸዋለሁ፤ ምን እየታየ እንደሆነ፣ መስመሩ ከየትኛው የሰውነት ክፍል እንደሚሰመር እናገራለሁ። እጅ እንደማይቆጠር የማያውቅ አድማጭ ብዙ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላምን። በ2010 የደቡብ አፍሪካ ዓለም ዋንጫ እንግሊዝ ከጀርመን ሲጫወቱ የእንግሊዙ ላምፓርድ የመታት ኳስ አግዳሚውን መትታ ከመስመሩ ወዲያ ስታርፍ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ጎል ነው አልኩ። ዳኛው አላለም። ለዓመታት «እኔ ከዳኛው አይቻለሁ» እያልኩ ስኩራራበት ኖሬአለሁ። በ2014 የብራዚል ዓለም ዋንጫ የመጣው የጎል መስመር ቴክኖሎጂ ይህን በአንድ ሰከንድ ውስጥ በዳኛው የእጅ ሰዓት ላይ ያሳውቃል። ያንን መሣሪያ የጠላሁት ስለሚሳሳት አልነበረም። እኔን የማያስፈልግ ስላደረገኝ ነው።

የጆሮዬ ነገር ከሁሉም ይከብዳል፤ ሁለት ዓመት ደብቄዋለሁ። በዕድሜ የሚመጣ የመስማት ድክመት መጀመሪያ የሚወስደው ቀጫጭን ድምፆችን ነው፤ «ስ»ን፣ «ፍ»ን፣ «ሽ»ን። ወፍራሞቹ ይቀራሉ፤ ስለዚህ ሰው መናገሩ ይሰማኛል፣ ምን እንዳለ ግን አይለይልኝም። በ2022/23 ባየርን ሙኒክ ሳኔንም ማኔንም በአንድ ቡድን አሰለፈ። ፕሮዲዩሰሩ በጆሮዬ ስሙን ያቀብለኛል፤ እኔ የምሰማው «...ኔ» ነው። እንደ ሎተሪ አንዱን እመርጣለሁ። አንድ ቀን የአንዱን ጎል ለሌላው ሰጠሁ፣ ሳላርም አሥር ደቂቃ ሙሉ አወደስኩት። በማግስቱ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ።

የታዘዘልኝ የመስማት ማገዣ መሣሪያ ገመድ አልባ ነው፤ ከስልክ ጋር ይገናኛል። ለቤት ግሩም ነው። በመጀመሪያው ጨዋታ ግን 70ኛው ደቂቃ ላይ አንዲት ሴት በጆሮዬ ውስጥ «ባትሪው እየደከመ ነው» አለችኝ። ፕሮዲዩሰሩ አዲስ ሴት የቀጠረ መሰለኝ። እኔም ታዝዤ፣ ኳሱን የያዘውን አማካይ እያየሁ «ባትሪው እየደከመ ነው» አልኩ። ከደቂቃ በኋላ አማካዩ ተቀየረ! ጨዋታውን በምን ዓይነት ዓይን እንደማነብ እስካሁን የሚያወሩልኝ አሉ፤ አላረምኳቸውም። ከዚያ ወዲህ ከጨዋታ በፊት ባትሪ እሞላለሁ፣ ስልኩን ከመሣሪያው ጋር አለያያለሁ፤ የተጫዋች ስም ደግሞ ፕሮዲዩሰሩ በቁጥር እንዲነግረኝ ተስማምተናል። «አሥር» እና «አሥራ ሰባት» አይምታቱብኝም።

ስለ ማስታወሻዬ ብዙ አልልም። ትልቅ ካርቶን ላይ ሁለቱን ቡድኖች በሁለት ቀለም እጽፋለሁ፤ ታብሌት ይሻላል ብለው አስሞከሩኝ። ጣቴን አላውቅህም አለኝ። ለካ ስክሪኑ የሚሠራው የቆዳን ኤሌክትሪክ እየለየ ነው፤ በዕድሜ የደረቀ ጣት ደግሞ አይሰማውም። እኔ ይብስ እጫነዋለሁ፤ «ጋሼ፣ ነካ ያድርጉት እንጂ አይጫኑት» ትለኛለች የድምፅ ባለሙያዋ። በስክሪን መንኪያ እስክርቢቶ ተገላገልኩ። ታብሌቱ ላይ እፈልጋለሁ፣ ካርቶኑ ላይ እጽፋለሁ። አምስት ቅያሪ ከተፈቀደ ወዲህ ካርቶኑ ስርዝ ድልዝ ብቻ ሆኗል፣ ግን ባትሪ አይጨርስም።

ከሥራ ውጭ ያለው ኑሮም ያው ከሰዓት ጋር ግብግብ ነው። ማሽኑ ስልክ አንስቶ አንድን ተጫን፣ ሁለትን ተጫን ሲለኝ እንደ ግብ ጠባቂ እየገመትኩ እዘላለሁ። ያበሳጨኝ ግን ወደ ገዛ ሒሳቤ ለመግባት የሚጠይቀኝ ባለ ስድስት አሃዝ ቁጥር ነው፤ በየ30 ሰከንዱ ይቀየራል። ዩሴን ቦልት በ2009 በርሊን ላይ መቶ ሜትሩን በ9.58 ሰከንድ ሮጧል፤ በ30 ሰከንድ ሦስት ጊዜ ይደርሳል ማለት ነው። እኔ ግን መነጽሬን እስካገኝ፣ ቁጥሩን አይቼ ወደ ሌላው መስኮት እስክሄድ፣ የመጨረሻዎቹን ሁለት አሃዞች እስክረሳና እስክመለስ ተቀይሮ ይጠብቀኛል። ስንት ጊዜ ተቆለፈብኝ!

የዳንኩት በሙያዬ ነው። ሯጭ በመሀል ዙር ሰዓት አያስጀምርም። ቁጥሩ ሲታየኝ አልነካውም፤ አርጅቶ እስኪሞት እጠብቀዋለሁ። አዲሱ ሲወለድ ያኔ ሙሉ 30 ሰከንድ አለኝ። ቁጥሩን በሦስት በሦስት ከፍዬ ጮክ ብዬ እላለሁ፤ በዓይን ያየሁት ይጠፋኛል፣ በድምፄ ያልኩት ግን አይጠፋኝም። ሚስቴ መጀመሪያ ላይ ውድድር የማስተላልፍ መስሏት ነበር። ነበርም።

ከድምፅ ባለሙያዋ ጋር ውል አለን። እሷ መሣሪያውን ታስተምረኛለች፤ እኔ ደግሞ መናገር አስተምራታለሁ፤ ኮሜንታተር መሆን ትፈልጋለችና። የመጀመሪያ ትምህርታችን እ.ኤ.አ. ጥር 22 ቀን 1927 ቢቢሲ ከሃይበሪ ስታዲየም ያስተላለፈው የአርሰናልና የሼፊልድ ዩናይትድ ጨዋታ ነበር። አድማጩ ሜዳው በቁጥር በተሰጣቸው አራት ማዕዘኖች የተከፈለበት ሥዕል መጽሔት ላይ ታትሞለታል፤ አንዱ ጨዋታውን ሲናገር ሌላው ኳሱ ያለበትን ቁጥር ይጠራል። ለማያይ ሰው ቦታን መስጠት፣ ሥራችን ከመጀመሪያው ይሄ ነው አልኳት። ሁለተኛው ትምህርት ትንፋሽ ነው፤ በረጅም ሩጫ መጨረሻ አየርህን አስቀድመህ ካልቆጠብክ ስሙ ላይ ስትደርስ ይከዳሃል። በ2000 ሲድኒ ላይ ኃይሌ ኬንያዊውን ቴርጋትን በ10,000 ሜትር የቀደመው በዘጠኝ መቶኛ ሰከንድ ነው። በዚያች ውስጥ ሁለት ስም አይጠራም፤ አንዱን መርጠህ፣ አየር ይዘህ መጠበቅ አለብህ።

ባለፈው ሳምንት ጨዋታው በጭማሪ ሰዓት ጎል አለቀ። ፊሽካው እንደተነፋ ማዳመጫውን አውልቄ ወደ ቤት ደወልኩ።

«አባባ ቆይ፣ አትንገረኝ!» አለች የልጅ ልጄ፤ «ጓደኞቼንም ድምፃቸውን አጥፍቻለሁ። ገና የባከነው ሰዓት ላይ ነህ።»

ዝም አልኩ። ከስልኳ ጀርባ ድምፄ ይሰማኛል፤ በግራ መስመር አንዱን ተጫዋች እያስሮጠ ነው፣ እየፈጠነ፣ ቃል በቃል ላይ እየደረበ። ይህን ሁሉ ዓመት ሠርቼ በቀጥታ ስርጭት ራሴን ሰምቼ አላውቅም። ሰውዬው አየር አልያዘም፤ ስሙ ላይ ሲደርስ ሊያጥረው ነው። «ተንፍስ» አልኩት ቀስ ብዬ።

አልሰማኝም።