የውርጭ ማስጠንቀቂያው ኮድና የሲ ዋርኒንጎች፦ እስካሁን የደረስንበት

ለደብረ ብርሃን ዙሪያ ገብስና ባቄላ የምንሠራው በሲ ቋንቋ የተጻፈ የውርጭ ማስጠንቀቂያ ኮድ አሁን ያለ አንድ ዋርኒንግ (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ኮምፓይለር የሚያሳየው ማሳሰቢያ) ኮምፓይል ይደረጋል፤ ያውም ደብልዩ-ኮንቨርዥን (-Wconversion፣ የቁጥር አይነት ሲቀየር እሴቱ ሊለወጥ እንደሚችል የሚያሳስብ አማራጭ) በርቶ። ትልቅ እርምጃ ነው።

ሰንሰሩን ማንበብና ቁጥሩን ስክሪን ላይ ማውጣት ብዙም አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ሙቀቱን ከገደቡ ጋር የሚያወዳድረው አንድ መስመር ነው።

ሙቀቱ ኢንት8 (ምልክት ያለው የ8 ቢት ሙሉ ቁጥር) ነው እንበል፤ −2 ይዟል። ገደቡ ደግሞ 3 ነው፤ መቼም ኔጌቲቭ አይሆንም ተብሎ አንሳይንድ ኢንት (ኔጌቲቭ የማይይዝ፣ ምልክት አልባ ሙሉ ቁጥር) ተደርጓል። ሙቀቱ ከገደቡ ሲያንስ ጩኽ ብትሉት አይጮኽም። ሲ ከማወዳደሩ በፊት ምልክት ያለውን ቁጥር ወደ ምልክት አልባው ይቀይረዋል፤ −2 በ32 ቢት 4294967294 ይሆናል። ይህ ከ3 አያንስም። 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በኅዳር ሌሊት፣ መሣሪያው ዝም ይላል ማለት ነው።

የባሰው ገደቡ ዩኢንት16 (ምልክት አልባ የ16 ቢት ቁጥር) ሲሆን ነው። ከኢንት (ከሲ መደበኛ ሙሉ ቁጥር) የጠበቡ አይነቶች ከስሌት በፊት ወደ ኢንት ያድጋሉ፤ ላፕቶፕ ላይ ኢንት 32 ቢት ስለሆነ −2 እንዳለ ይቆያል፣ ኮዱም በትክክል ይሠራል፣ ዋርኒንግም የለም። አርዱዊኖ ኡኖ በተባለው ትንሽ የመቆጣጠሪያ ቦርድ ላይ ግን ኢንት 16 ቢት ነው። ዩኢንት16 እዚያ ኢንት ውስጥ ስለማይገባ −2 ወደ 65534 ይቀየራል። ላፕቶፕ ላይ የተፈተነው ኮድ ማሳ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ዋርኒንጉን ማየት ያለባችሁ ለቦርዱ ስትገነቡ ነው።

ይህንን የሚይዘው ሳይን-ኮምፔር (-Wsign-compare) የተባለው ዋርኒንግ ነው። ሲ ላይ በደብልዩ-ኦል (-Wall) ብቻ አይበራም፤ ደብልዩ-ኤክስትራ (-Wextra) ይፈልጋል፤ ሁለቱም ብዙ ዋርኒንጎችን በአንዴ የሚያበሩ አማራጮች ናቸው። ኮንቨርዥን በሁለቱም ውስጥ ስለሌለ ለብቻው ይጻፋል። አርዱዊኖ አይዲኢ (የቦርዱን ኮድ የምንጽፍበት ፕሮግራም) ዋርኒንጎቹን አጥፍቶ ነው የሚመጣው፤ ፕሪፈረንስ ገብታችሁ ኮምፓይለር ዋርኒንግስ የሚለውን ወደ ኦል ውሰዱት።

ዋርኒንግን በካስት (የቁጥሩን አይነት በግድ በመቀየር) ማፈንን አጥብቄ እቃወማለሁ። ሙቀቱን ወደ አንሳይንድ ካስት ብታደርጉት ስህተቱ እንዳለ ነው፤ የጠፋው ስህተቱን የሚነግራችሁ ነው። ገደቡን ኢንት16 አድርጉት፣ አለቀ። ካስት የሚፈቀደው ወሰን ከተፈተሸ በኋላ ነው፤ ድምር ወደ ዩኢንት8 ሲገባ መጀመሪያ ከ255 አለመብለጡን እዩ። አለዚያ 240 እና 30 ተደምረው 14 ይሰጧችኋል። ከጂሲሲ (GCC፣ የሲ ኮምፓይለር) 10 ወዲህ ደግሞ ሁለት ዩኢንት8 ተደምረው ዩኢንት8 ውስጥ ሲገቡ ኮንቨርዥን ብቻውን አይናገርም፤ አሪዝ-ኮንቨርዥንን (-Warith-conversion) ጨምሩበት።